ዝናብ ያወራው ሳጥን

ባለቤቴ ከመሞቱ በፊት አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ የአሮጌውን የእንጨት ሬዲዮ ሳጥን አቧራ መጥረግ ነበር። ዛሬም ሳበራው፣ የውስጥ አምፖሎቹ ሲግሉ የሚሸተው አቧራ ወደ ስደታችን ከተማ፣ ወደ ሱዳኗ ገዳሪፍ ይመልሰኛል።

የድርቁ ዘመን ነው። እኔ ልጃገረድ፣ ባለቤቴ ጊታር የሚነካካ የጎረቤት ጎረምሳ ነበርን። አባቴ የተበላሸ ትልቅ የእንጨት ሬዲዮአቸውን፣ «አገራችን ዘንቦ እንደሆነ እንድሰማ ጠግንልኝ» ብለው ሰጡት። እሱ ግን የሬዲዮውን ሆድ ዕቃ ዘርግፎ የጊታር ድምፅ ማጉያ አምፕሊፋየር ሠራበት።

ሳጥኑ ሲበራ ጎረቤቱ ሁሉ ከበበው።

«ዝም በሉ፣ ዜና ነው» አሉ አባቴ። ጊታሩ ጮኸ።

«ልጄ፣ ዘፈን መች አማረኝ? ዘነበ ወይ ነው ያልኩህ።»

ጎረምሳውን ላብ አጠመቀው። ማይክሮፎን ሰካና እፊታችን ቆሞ፣ ድምፁን እንደ ዜና አንባቢ አወፍሮ፣ «በጎንደርና በአካባቢው ከባድ ዝናብ ጥሏል» አለ። ሴቶቹ አፉ ሲንቀሳቀስ እያዩም እልል አሉ።

አባቴ ወደ ሳጥኑ ጠጋ አሉ።

«ውሸትህን እንደሆነ አውቃለሁ» አሉት። «እስቲ ድገመው።»

አሁን አሁን ከሰዓት በኋላ ሳጥኑን አበራለሁ። አምፖሎቹ እስኪግሉ ቁጭ ብዬ እጠብቅና፣ «ዝናብ ጥሏል» የሚለው ድምፅ ሳይመጣ አጠፋዋለሁ።