የአቶ ጭጭ ጆሮ

ሰፈሩ ሁሉ አቶ ጭጭ ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ሌላ ሰው አይደለም፣ የገዛ አፉ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ደንበኛ ባገኘ ቁጥር "ቤትዎን ጭጭ ነው የማደርግልዎ!" እያለ ሲጮህ የኖረ ሰው ሌላ ምን ሊባል ይችላል? ሥራው የውጭ ድምፅ ወደ ቤት እንዳይገባ መከላከል ነው። ከግድግዳው ፊት ሌላ ግድግዳ ያቆማል፣ በመሀል ጥጥ የመሰለ ንጣፍ ይጠቀጥቃል፣ መስኮቱን ድርብ መስታወት ያደርጋል፣ የበሩን ዙሪያ በጎማ ይለብጣል። ጮክ ብሎ እንደሚያወራ ራሱም ያውቃል። "ዝምታ ሻጭ ካልጮኸ ማን ይሰማዋል?" እያለ በራሱ ይስቃል።

ሌሎች ባለሙያዎች ሥራቸውን ሲጨርሱ የድምፅ መለኪያ ያወጣሉ። አቶ ጭጭ መለኪያ አይወድም። ክፍሉ መሀል ይቆምና ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ከዚያ "ጭጭ!" ይላል፤ በቃ፣ ርክክቡ ያ ነው። አንዳንዱ ደንበኛ "ኧረ ትንሽ የሚያፏጭ ነገር አለ" ካለው "ጆሮዎ ገና ዝምታ አልለመደም፣ ሁለት ሳምንት ይስጡት" ይለዋል፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

የሰው ቤት ሲደፍን የራሱ ቤት ባዶ ብሎኬት ነበር። ሚስቱ የሌሊት ተረኛ ነርስ ናት፤ ጠዋት ገብታ ቀን መተኛት አለባት። ከግድግዳቸው ማዶ ደግሞ በርና መስኮት የሚሠራ ብረት ቤት አለ፤ ቀኑን ሙሉ ብረት ሲቆርጥ ይውላል። "የዛሬ ሳምንት እሠራልሻለሁ" ማለት ከጀመረ ስምንት ዓመት ሞልቶታል። በመጨረሻ ሚስቱ እንቅልፍ እያዳፋት የአንዱን በሽተኛ መርፌ ሌላውን ልትወጋ ስትል ጓደኛዋ እጇን ያዘቻት። የነርሶች ኃላፊዋ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠቻት፤ ሌላ ስህተት ከተገኘ ከሥራ ትሰናበታለች። እሷን ግን ከእንጀራዋ ይልቅ ያ በሽተኛ ነው ያስፈራት። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አለቀሰች። አቶ ጭጭ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ዘጠኝ ቀን ሥራ ሁሉ ትቶ የመኝታ ቤቱን ክፍል ውስጥ ያለ ክፍል አደረገው። ወለሉን ሳይቀር በጎማ ላይ አስቀመጠው። ሲጨርስ እንደ ልማዱ መሀል ቆሞ አዳመጠና ደረቱን ነፋ።

"ጭጭ!" አለ፣ ሚስቱን እንደ ሙሽራ እያስገባ። "እህስ?"

ሚስቱ የፈካ ፊቱን አየችና "ጥሩ ነው" አለችው።

እሱ እሷ ሳትገባ ወደ ሥራ ይወጣል። ማታ "ተኛሽ?" ሲላት "ተኛሁ" ትለዋለች። ዓይኗ ሥር ያለው ጥቁረት ግን እየባሰ ሄደ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ደንበኛ ቀጠሮ ሰረዘበትና ረፋድ ላይ ቤት ተመለሰ። አልጋው እንደተነጠፈ ነው፤ ሚስቱ የለችም። ክፉ ክፉውን እያሰበ ወደ ሆስፒታሉ ከነፈ። ሲጠይቅ ሲያስጠይቅ ያገኛት ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሦስት ትልልቅ ማሽኖች በሚያጓሩበት፣ አንሶላ ክምር ላይ ጥቅልል ብላ ተኝታለች። ማሽኖቹ ያልቀሰቀሷትን የሱ ድምፅ ቀሰቀሳት።

"የኔን ክፍል ትተሽ ማሽን ሥር?"

"ማሽኑ እኮ ቢያንስ እኩል ነው የሚጮኸው" አለች ዓይኗን እያሸች። "ያ ብረት መቁረጫ ግን ጥርሴን ነው የሚገዘግዘኝ።"

"የምን መቁረጫ? ክፍሉ ጭጭ ነው እኮ!"

ትኩር ብላ አየችው። "የምርህን ነው? ያ ሲጢጥ የሚለው አይሰማህም?"

"የቱ?"

ከዚያ በኋላ ሚስትነቷ ቀረና ነርስነቷ መጣ። እጁን አፈፍ አድርጋ ፎቅ ላይ ወዳለው የጆሮ ምርመራ ወሰደችው።

መስታወት ያለው ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ማዳመጫ አጠለቁለት፤ ድምፅ በሰማ ቁጥር ቁልፍ እንዲጫን ነገሩት። ወፍራም ወፍራሙን ድምፅ ቶሎ ቶሎ ተጫነ። ከዚያ ጸጥ አለ። እረፍት መሰለው። ዝም ብዬ ከምቀመጥ ብሎ ግድግዳውን በጣቱ ቆረቆረ፣ የበሩን ጎማ ዳሰሰ። ሥራው አስቀናው።

ምርመራዋን የምትሠራው ልጅ በሩን ስትከፍት "የሠራው ሰው እጁ ይባረክ!" አላት። "ምንም አይሰማም እኮ፣ ጭጭ ነው!"

"ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ እኮ ድምፅ እየለቀቅንልዎ ነበር" አለችው ቀስ ብላ።

ቀጫጭኑ ድምፅ ከጆሮው ጠፍቷል። የበላው ያለ ጆሮ መከላከያ ግድግዳ ሲበሳበት የኖረው ድሪል ነው፤ አይመለስም። ከመስታወቱ ማዶ ሚስቱ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ነበር፤ ሳቋ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ። እሱም አብሯት መሳቅ ጀምሮ ደንበኞቹ ትዝ ሲሉት ወሽመጡ ተቆረጠ። ስንቱን ቤት እያፏጨ አስረክቧል!

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንደዚያ ደስ ብሎህ እያየሁህ በየት አፌ?"

በማግስቱ ሥራ አልሄደም። ጠዋት ከተረኛነት ስትገባ በር ላይ ጠበቃትና "አንቺ ስሚ፣ እኔ ልድፈን" አላት። ጫማዋን አውልቃ፣ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ፣ ክፍሉን በዳዴ ትዞረው ጀመር። ራስጌው አጠገብ ካለው ሶኬት ስትደርስ ቆመች።

"እዚህ ጋ ነው።"

ሶኬቱን ፈታው። ከኋላው እስከ ብረት ቤቱ ግድግዳ ድረስ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አፉን ከፍቷል። አየር በገባበት ድምፅም ይገባል ብሎ ለሰው ሁሉ ሲሰብክ የኖረ ሰው! ራሱን እየረገመ ጥጡን ጠቀጠቀ፣ ሲሊኮኑን ጨመቀ።

"አሁንስ?"

"ቀነሰ። ከሥሩ ግን አለ።"

ከሥሩ ጨመቀ። "አሁንስ?"

"ትንሽ... በግራ በኩል..."

በግራ በኩል ጨመቀ። "አሁንስ?"

ድምፁን ከፍ አድርጎ ሊደግም አፉን ከፍቶ ዞር ሲል፣ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች፣ ጆሮዋ ግድግዳው ላይ እንደተለጠፈ እንቅልፍ ወስዷታል። አፉን ቀስ ብሎ ገጠመው። ሲሊኮኑ ጣቱ ላይ እስኪደርቅ ካለበት ንቅንቅ አላለም፤ እግሩን ሲያነሳ ድምፅ ያሰማ አያሰማ በምን ያውቃል?