የዘይቱ ቱቦ

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ካናዳ፣ ሬክስዴል የሚባል ሰፈር ውስጥ የድሮ የአሜሪካ የውድድር መኪና የሚሰበስብ አንድ ፈረንጅ ባለጋራዥ ነበር። አዲስ አበባ መካኒካል ኢንጂነሪንግ ያስተማሩኝን ጋሼን፣ አንዷን መኪና በዘመናዊ ሞተር ካስነሱለት ኢንጂነር አድርጎ እንደሚቀጥራቸው ነገራቸው። ጋሼ ያኔ ፓርኪንግ ይጠብቁ ነበር። ያመለከቱበት ቢሮ ሁሉ «የካናዳ ልምድ የለዎትም» እያለ መልሷቸዋል። እንግዲህ ልምዳቸው ይቺው መኪና ልትሆን ነው።

እኔ ፋብሪካ ውስጥ ካርቶን አሽጋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሺፍት ስለሌለኝ ከምንኖርበት ከፍሌሚንግደን ፓርክ አብሬያቸው እሄድና ቁልፍና ብሎን አቀብላለሁ። «አንተ ካልመጣህ አልነካትም» ይሉኝ ነበር። ለወግ የሚሉት ይመስለኝ ነበር።

የመኪናዋ ግዙፍ ሞተር ወጥቶ ከተጋጨ ፒክአፕ የተነቀለ፣ በኮምፒውተር የሚሠራ ሞተር ገባ። የዘይት ማጣሪያው ግን ቦታ አጣ፣ ከሻንሲው ጋር ይጋጫል። ጋሼ ወደ ጎን አወጡትና ከሞተሩ ጋር በሁለት ቱቦ አገናኙት፤ በአንዱ ዘይት ይወጣል፣ በሌላው ይመለሳል።

የመጨረሻው ቅዳሜ ጎንበስ ስል ቱቦዎቹ ተቀያይረው መታሰራቸውን አየሁ። ማጣሪያው ዘይት በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚያሳልፈው፤ ቱቦው ከተገለበጠ ዘይቱ ወደ ሞተሩ አይመለስም። ይህን ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው! ታዲያ እሳቸውን ላርማቸው? ያውም ፈረንጁ አጠገባቸው ቆሞ? ሳያውቁማ አያደርጉትም አልኩ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ፤ ዘጋሁት።

የዘይቱን ግፊት የሚያሳየው ጌጅ ገና አልተገጠመም። «በል አስነሳው» አሉኝ። አስነሳሁት። ሞተሩ እንዴት ያምር ነበር! ፈረንጁ አጨበጨበ፣ ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ሳቁ። ጥቂት ደቂቃ እንደሠራ ማንኳኳት ጀመረ፤ ከዚያ አንዴ ጮኸና ደረቀ። ፈረንጁ ወደ ቢሮው ገባ። እንባዬ ይመጣል፣ ይቆጨኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ምንም የለም። ድንዝዝ ብዬ ቁልፎቹን በየመጠናቸው መደርደር ያዝኩ። የማልረባ!

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ቱቦዎቹን አቀያይሬያቸዋለሁ» አሉ ጋሼ። «አይተኸው ነበር እንዴ?»

«ኧረ አላየሁም ጋሼ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ዓይኔ ከደከመ ቆይቷል። ፈረንጁ እንዳይሰማ ለማንም አልተናገርኩም። እንድታይልኝ ነበር እኮ ይዤህ የምሄደው።»

ፌርማታችን ሲደርስ ደረጃው እንዳያደናቅፋቸው ክንዳቸውን ይዤ አወረድኳቸው። «ተባረክ» አሉኝ።