ከተነቀለ መሣሪያ የመጣ መልስ

የየወርቅውሃ አንድ ተራ የሥራ ቀን ምን ያስከፍላታል? ከሰፈሯ እስከ አሶሳው ቢሮ ደርሶ መልስ ሰማንያ ደቂቃ በእግር፣ ጡት ካልጣለች ልጇ ሙሉ ቀን መለየት፣ መቶ ስድሳ መስመር የእጅ ጽሑፍ፣ ከእያንዳንዱ ገጽ ሥር ደግሞ ፊርማ።

ጊዜው 1999 ዓ.ም. ነው፤ የክልሉ ወረዳዎች በሳተላይት ዲሽ ከአሶሳ ጋር መገናኘት የጀመሩበት። እሷ በየሰዓቱ ሃያውን ወረዳ ፒንግ ታደርጋለች። ኮምፒውተሯ አጭር ጥሪ ይልካል፤ ወረዳው ያለው መሣሪያ ከሠራ ይመልሳል፣ ካልሠራ ዝም ይላል። እሷም መዝገቡ ላይ «መለሰ» ወይም «አልመለሰም» ብላ ትጽፋለች። የምትጠራው በወረዳው ስም ነው፤ ከስሙ ጀርባ ያለውን፣ ጥሪው የሚሄድበትን የመሣሪያ ቁጥር ያስገባው የአገሯ ልጅ የሆነው የቢሮው ቴክኒሻን፣ ምንያህል ነው።

ነገሩ የተበላሸው በማህጁብ ነው። ማህጁብ ሱዳን ድንበር አጠገብ ያለ የአንድ ወረዳ መሣሪያ ጠባቂ ነው። ዝናብ መሣሪያዬን ገደለው እያለ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ደወለ። የእሷ መዝገብ ግን ዘጠኙንም ቀን «መለሰ» ይላል።

«መሣሪያው ሞተ እያለ ወርቅ ሊያጥብ ወንዝ ወርዷላ!» አለ ኃላፊው አቶ ይልቃል። «ነገ ጠዋት ስንብቱን አወጣለሁ። የአንቺን መዝገብ አያይዤ።»

እውነቱን ለመናገር እሷም ጠርጥራዋለች። ወቅቱ የወርቅ ነው። ግን ውሸታም ሰው በየቀኑ ለምን ይደውላል? ቢሮው ለምሳ ሲወጣ እሷ ቀረችና ደወለችለት።

«ማህጁብ፣ መሣሪያውን ንቀለው እስቲ። እኔ ከዚህ እጠራዋለሁ።»

«ምኑን ልንቀል? ዘጠኝ ቀን ተነቅሏል። ይኸው፣ እንደ ሕፃን አቅፌዋለሁ።»

ጠራችው። መለሰ።

«መለሰልኝ እኮ!»

«እኔ አቅፌው ማን መለሰልህ? ጂኒ ነው?» ማህጁብ ሲቆጣ ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነው የሚለው። «ወላሂ የወርቄ፣ አንተም አላመንከኝም። አምስት ልጅ አለኝ።»

ስልኩን ዘጋ። አቀፍኩት ያለውን ማን አየለት? እንደገና ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች፤ ሁልጊዜ የምታየው «መለሰ» የሚለውን ብቻ ነበር፣ አጠገቡ ያለውን ጊዜ ልብ ብላው አታውቅም። የባምባሲ ወረዳ መልስ ስድስት መቶ ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። የድባጤም እንዲሁ፣ የወንበራም። ሰማይ ደርሶ የሚመለስ ነገር ነውና። የማህጁብ ግን አንድ ሚሊ ሰከንድ እንኳ አይሞላም።

እንዲህ የቀረበ ወረዳ የት አለ?

ጥሪው እየሄደ ተነሥታ የራሷን ክፍል ገመድ አንድ በአንድ ትነቅልና ትመልስ ጀመር። አንዱን ነቀለች፤ መልሱ ቀጠለ። ሌላውን፤ ቀጠለ። መደርደሪያው ላይ ያለችውን ትንሽ የመገናኛ ሣጥን ስትነቅል ስክሪኑ ዝም አለ። መለሰችው፤ መልሱ መጣ።

ምንያህል ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ሲገባ መንገዱን ዘግታ ቆመች።

«የማህጁብን ቁጥር ማነው የቀየረው?»

«እ... ወር መጨረሻ ላይ "አልመለሰም" ሲበዛ አለቃው ይጮኻል አይደል? ለሙከራ ብዬ በእሱ ፋንታ የዚህን ክፍል ሣጥን ቁጥር አስገባሁ። ረሳሁት በቃ።»

«ዘጠኝ ቀን ረሳኸው? ሰው ሊባረር እየሰማህ?»

«ምነው ምርመራ አደረግሽው!» አለ፤ ዓይን ዓይኗን ግን አላያትም። ረስቶ ይሁን አውቆ፣ እስከ ዛሬ አታውቅም።

የዘጠኙን ቀን የራሷን ጽሑፍ ሰርዛ፣ «ስህተት፤ ሌላ መሣሪያ ነው የመለሰው» ብላ ፈርማ ለአቶ ይልቃል ወሰደች። አነበበና የስንብቱን ደብዳቤ ወደ መሳቢያው ወረወረው።

«በይ ሂጂ። ምን ትጠብቂያለሽ?»

«እስኪቀደድ ነው፣ ጋሼ።»

አጉረመረመ። ከዚያ አውጥቶ ቀደደው።

ይህን ለምታነቡ፣ ይልቁንም እንደ እሷ መዝገብ ለምትይዙ፣ የወርቅውሃ አንድ ነገር ትለምናለች፦ እባካችሁ «መለሰ» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ቀን ገመዱን አስነቅላችሁ ጥሩት። ተነቅሎም ከመለሰላችሁ፣ ሰውየውን ትታችሁ ቁጥሩን ጠርጥሩ።