የቶሎሳ ሸሚዝ ጠረን

ባሌ ቶሎሳ በሕይወቱ አንድ መለኪያ ቀምሶ አያውቅም። እሱ ነው እንዲህ የሚለው። እኔ ግን ዓመታት ሙሉ ውስኪ ውስኪ ከሚሸት ሰው ጎን ነው ያደርኩት።

ሥራው እዚህ አሜሪካ፣ ሉዊስ ሴንተር የምትባል ከተማ አጠገብ ነበር። አሜሪካኖቹ ውስኪ እንዲበስል ለዓመታት አስተኝተው ያወጡበትን አሮጌ የእንጨት በርሜል ይጠግንና ኮንቴይነር ላይ ይጭናል፤ በርሜሉ ስኮትላንድ ይሄዳል። ስኮትላንዶች የራሳቸውን ውስኪ የሚያስተኙት በሰው አሮጌ በርሜል ነው ሲለኝ አላመንኩትም። ያን ያህል ውድ መጠጥ በአሮጌ ዕቃ? ምሳ የማደርስለት መስዬ ሄጄ አየሁ። እውነቱን ነው። ቢሆንም በር ላይ እየጠበቅሁ ማሽተቴን አልተውኩም። ቸርች ኳየር ውስጥ ሲዘምር አጠገቡ የሚቆሙት ጋሽ ጎሳዬ አንድ እሁድ አፍንጫቸውን ሲያሹ አይቻቸዋለሁ፤ በእፍረት አፈር ልበላ ምንም አልቀረኝ። ጸሎቴ አንድ ብቻ ነበር፦ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ጠረን ከቤቴ አውጣልኝ።»

ባለፈው ወር ጠረኑ ጠፋ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ደነገጥኩ። ጠዋት ምሳውን ይዞ ይወጣል፣ ማታ ደክሞት ይገባል፣ ሸሚዙ የሚሸተው ሳሙና ነው። ቀኑን ሙሉ በርሜል ሲያቅፍ የዋለ ሰው?

«ከማን ጋር ነው የምትውለው?» አልኩት።

«ሸዋዬ፣ ሥራ ነዋ።»

«አፍንጫዬን ረሳኸው እንዴ?»

ቁጭ አለ። «ሌይ ኦፍ አደረጉኝ፤ ከሥራ ቀነሱኝ። ስኮትላንድ ፋብሪካዎቹ ማምረት ቀንሰዋል። ያመረቱት ተከማችቶባቸዋል፤ ተጨማሪ በርሜል ማን ይፈልጋል?»

«ሰው መጠጥ ተወ ልትለኝ ነው?»

«ቀነሰ። አዲሱ የቀረጥ ታሪፍም አለ። የተኛው እስኪሸጥ ዓመታት ይፈጃል ይላሉ።»

«ታዲያ የት ነው የምትውለው?»

«ዌስተርቪል፣ ላይብረሪው ፓርኪንግ። ጆብ አፕላይ አደርጋለሁ። ላንቺ መንገር አቃተኝ።»

ይህንንም አላመንኩም። በማግስቱ ላይብረሪ ብሎ ሲወጣ ከኋላ ተከተልኩት። መኪናው ጥግ ላይ ቆማለች። የቋጠርኩለትን ምሳ መሪው ላይ አስደግፎ ብቻውን ይበላል። መኪናዬ ውስጥ ሆኜ አለቀስኩ።

እሁድ ቸርች ውስጥ የጸሎት ርዕስ ያለው እጁን ያውጣ ሲባል አወጣሁ፤ መልሼ አወረድኩት። የለመንኩትንማ ሰጥቶኛል። አሁን በምእመኑ ፊት ቆሜ ለስኮትላንዶች ውስኪያቸው ይሸጥላቸው ብላችሁ ጸልዩልኝ ልበል?