የእትዬ ሙሉእመቤት ቀኝ ጆሮ

ዊንጌት፣ ከታክሲ ማቆሚያው ጀርባ ያለችውን የሬዲዮ መጠገኛ ሱቄን የሚያውቅ ሰው ግድግዳዋንም ያውቃል። ከጣሪያው እስከ ወገብ ድረስ በካርድ ተሸፍኗል። ጃፓን፣ ብራዚል፣ ሮማኒያ፣ ህንድ፣ ኒውዚላንድ፤ ከየአገሩ የሬዲዮ ጣቢያዎች በፖስታ የመጡ ሁለት መቶ አስራ ሰባት ካርዶች ነበሩ። ደንበኛ ቴፑን ሊያሠራ ይመጣና «ግዛቸው፣ ይሄን ሁሉ አገር ዞረሃል እንዴ?» ይለኛል። «አልዞርኩም፣ ሰምተነዋል» እለዋለሁ። ይስቃል። ይሳቅ።

እኛ የጉለሌ ሬዲዮ አዳማጮች ክበብ ነን፤ አስራ አንድ አባላት አሉን። ሥራችን በአጭር ሞገድ ከሩቅ አገር የሚመጣውን ድምፅ ፈልጎ ማግኘት፣ የሰማነውን ከነሰዓቱ መዝግቦ ለጣቢያው መጻፍ ነው። ጣቢያው የጻፍነውን ከራሱ ፕሮግራም ጋር ያመሳክርና «አዎ፣ የሰማችሁት እኛን ነው» ብሎ ካርድ ይልክልናል። «የፖሊስ መገናኛ ይጠልፋሉ» እያለ የሚያስወራብን አልጠፋም፤ እኛ የምናዳምጠው ለዓለም ሁሉ ተብሎ የሚሰራጨውን ብቻ ነው። ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን «ሞባይል እያለላችሁ ምን አደከማችሁ?» የሚለው ነው። ዓሣ ከሱቅ የገዛና ወንዝ ወርዶ ያጠመደ ሰው አንድ ናቸው? እስቲ መልሱልኝ! መብራት ሲጠፋ በሰፈሩ ደስ የሚለን እኛ ብቻ ነን፤ የየቤቱ ቴሌቪዥንና ቻርጀር ሬዲዮው ላይ የሚያመጣው ጩኸት ጸጥ ሲል ሩቁ ድምፅ ብቅ ይላልና።

የምኮራባቸው ሰው ግን እትዬ ሙሉእመቤት ናቸው። ጉለሌ ተወልደው ያደጉ፣ ስልሳ አራት ዓመታቸው፣ ሰላሳ አንድ ዓመት በስልክ ኦፕሬተርነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት። ያን ሁሉ ዘመን ማዳመጫው የተጣበቀበት ግራ ጆሯቸው ዛሬ አይሰማም። «ግራውን ለመሥሪያ ቤቱ ሰጥቼዋለሁ፤ ቀኙ የራሴ ነው» ይላሉ። በዚያ በአንድ ጆሮ፣ እኛ በሁለት ጆሮ ጩኸት ብቻ በምንሰማበት ቦታ፣ ሰው ሲናገር ይሰማሉ። ከሁለት መቶ አስራ ሰባቱ ካርድ ዘጠናው የእርሳቸው ነው።

የክበቡ መዝገብም በእርሳቸው እጅ ነበር። ደንቡን ያወጡትም እርሳቸው ናቸው። ከመዝገቡ ምንም አይፋቅም፤ የተሳሳተ ሰው በስህተቱ ላይ መስመር ያሰምርና አጠገቡ ይፈርማል። አንድ አባል የሰማውን ሌላ አባልም አብሮ ከሰማ «ሁለተኛ ጆሮ» በሚለው ዓምድ ይፈርምና ነገሩ በእስክሪብቶ ይሰፍራል። ብቻውን የሰማ ሰው ግን ካርዱ እስኪመጣ በእርሳስ ነው የሚጻፍለት። በእርሳስ የቀረ ነገር አልተሰማም ማለት ነው።

አምና በጥቅምት፣ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ከአርባ ላይ ሰፈሩን ሁሉ መብራት ጠፋ። እትዬ ሙሉእመቤት በረንዳቸው ላይ ሬዲዮአቸውን በባትሪ ከፍተው ነበር። ትንሽ ቆይቶ ስልኬ ጮኸ።

«ግዛቸው! ደሴቲቱ! ደሴቲቱ መጣች!»

በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ካለች ትንሽ ደሴት የሚያሰራጭ ጣቢያ አለ። አስር ዓመት ሙሉ ፈልገነዋል፤ አንዳችንም ሰምተነው አናውቅም። ሬዲዮዬን አንስቼ እየሮጥኩ ደጅ ስወጣ መብራቱ መጣ፤ ጩኸቱም አብሮ መጣ። እርሳቸው ግን አስራ ሁለት ደቂቃ ሰምተዋል። ደወል ሦስት ጊዜ ተደውሏል፣ አንዲት ሴት ዜና አንብባለች፣ መሃል ላይ ሁለት ጊዜ አስሏት ይቅርታ ጠይቃለች፣ ከዚያ የጊታር ዘፈን ተከትሏል። ሁሉንም ጽፈውታል፤ ሁለተኛ ጆሮ ስላልነበረ በእርሳስ።

በማግስቱ እህታቸው ታመውባቸው እትዬ ወደ ደብረ ብርሃን ሄዱ። መዝገቡን ሱቄ ጥለው «ደብዳቤውን አንተ ላክልኝ፤ ጊዜ የለኝም» አሉኝ። ጻፍኩ፤ ላክሁ።

መልሱ በኅዳር መጨረሻ መጣ። ክበቡ የሚሰበሰበው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው፤ እትዬም ከደብረ ብርሃን ተመልሰው ነበር። ደብዳቤውን ያነበበልን የእንግሊዝኛ አስተማሪው ሲላስ ነው። «ስለጻፋችሁልን እናመሰግናለን። በጠቀሳችሁት ቀንና ሰዓት ግን ማሰራጫችን ለጥገና ጠፍቶ ነበር።» ይኸው ነው፤ ካርድ የለም።

ቀድሜ አፌን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

«እትዬ» አልኩ፣ «እ... ማለቴ፣ እርስዎም ደክሞዎታል፣ ዕድሜም አለ። መዝገቡን ለጊዜው ሌላ ሰው ቢይዘውስ?»

«ምን ማለትህ ነው አንተ?» ብሎ ተነሳብኝ ፀሐዬ። ሽሮ ሜዳ የሚሠራ ሸማኔ ነው፤ ሬዲዮ ከሽመናው ጉድጓድ አጠገብ የማይጠፋበት፣ እትዬን እንደ እናቱ የሚወድ ሰው።

እትዬ ሙሉእመቤት እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙት። መነጽራቸውን አወለቁና መዝገቡን ገፋ አድርገው ፊቴ አስቀመጡት። «የሰማሁ መስሎኝ ነበር» አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

በሚቀጥለው እሑድ አልመጡም። ከዚያም በሚቀጥለው አልመጡም።

የአዲሱ መዝገብ ያዥ ሥራ የጣቢያውን መልስ በቦታው መገልበጥ ነውና አንድ ቀን ረፋድ ላይ ገጹን ገለጥኩት። በእርሳቸው ጽሕፈት «ከቀኑ 11፡40» ይላል። ጠርዙ ላይ፣ በእኔ ጽሕፈት፣ «ሲቀነስ 3፣ 8፡40» ይላል። መቀነስ አልነበረብኝም።

ጣቢያዎች የሚሠሩት በዓለም ሰዓት ነው። አገራችን ከዓለም ሰዓት በሦስት ሰዓት ስለምትቀድም፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የሚጠቀም ሰው ሦስት ይቀንሳል። የእኛ ሰዓት ግን ከንጋት ስለሚጀምር ከፈረንጁ በስድስት ያንሳል፤ ስለዚህ በቀን የጻፍነውን ወደ ዓለም ሰዓት ስንመልስ ሦስት እንጨምራለን። አስራ አንድ ከአርባ፣ አስራ አራት ከአርባ ይሆናል። ይህን ለአዲስ አባል ሁሉ መጀመሪያ የሚያስተምሩት እትዬ ናቸው። እኔ የስልኬ ሰዓት በፈረንጅ ስለሆነ መቀነስ ለምዶብኛል፤ ከእርሳቸው መዝገብም ሳላስብ ቀነስኩ። ለደሴቲቱ የጻፍኩላት እትዬ ከሰሙበት ስድስት ሰዓት ቀደም ያለውን ሰዓት ነው፤ ማሰራጫው ያኔ ጠፍቶ ከነበረ ምን ይገርማል?

እውነቱን ልናገር፣ መዝገቡን ዘጋሁት። ክበቡን የመሠረትኩት እኔ፣ ይህን ስህተት ሠራሁ ብዬ አስር ሰው ፊት መቆም ሞት መሰለኝ። ቀስ ብዬ ሌላ ደብዳቤ እልካለሁ፣ መልሱ ጥሩ ከሆነ ያኔ እናገራለሁ፣ ካልሆነም ማን ያውቃል እያልኩ ሁለት ቀን ከረምኩ።

በሦስተኛው ቀን ፀሐዬ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ገባና ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። የእትዬ ሙሉእመቤት ሬዲዮ ነበር።

«ለሚጠቅመው ሰው ስጡልኝ ብለዋል» አለኝ። ዓይኔን ሳያይ ወጣ።

ሬዲዮዋን ከፈትኳት። መርፌዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተነካችም፤ ደሴቲቱ ላይ ነበረች። ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም። ሬዲዮዋንና መዝገቡን ብብቴ ውስጥ አድርጌ፣ በጠራራ ፀሐይ ሱቄን ዘግቼ በሽሮ ሜዳ በኩል ዳገቱን ወጣሁ።

እትዬ በረንዳው ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር። አጠገባቸው ቁጭ አልኩና ብዙ ሳላስብበት፣ መሬት መሬት እያየሁ፣ ያለኝን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ተናገርኩ። መዝገቡን፣ መቀነሱን፣ ሁለት ቀን መደበቄን፣ ሁሉንም። ስጨርስ ቀና ብል እርሳቸው ምስራቸውን ይለቅማሉ።

«በዚህ በኩል ዙር ልጄ» አሉኝ፤ «በዚያ በኩል አልሰማህም።»

የተቀመጥኩት በግራ በኩል ነበር! ተነስቼ ዞርኩና ያንን ሁሉ እንደገና ተናዘዝኩ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል። ገጹን ገልጬ አሳየኋቸው። በጣታቸው ቆጠሩ፤ አስራ ሁለት፣ አስራ ሦስት፣ አስራ አራት።

«ስለዚህ ጆሮዬ ደህና ነው?» አሉ።

«ደህና ነው እትዬ። የታመመው የእኔ ጭንቅላት ነው።»

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ። «ወር ሙሉ» አሉ፣ «ወር ሙሉ ሰው ሲያናግረኝ አፍ አፉን ነው የማየው። ቅዳሴውን እንኳ መስማቴን ተጠራጥሬ ነበር። ይኼም በቃሌ ስለማውቀው የሰማሁት መስሎኝ ነው እያልኩ።» ከዚያ እንባቸውን ጠረጉና የማውቃቸው እትዬ ተመለሱ። «ሦስት ቀነስክ? አንተ? ክበብ መሥርተህ? ወረቀት አምጣ!»

ደብዳቤውን እዚያው ጻፍነው። እርሳቸው እየተናገሩ፣ እኔ እየጻፍኩ። ሰዓቱን ግን ራሳቸው ጻፉት።

እሑድ ሁሉም ፊት ቆሜ መዝገቡን ገለጥኩ። ፀሐዬ ሊመታኝ የደረሰ መስሎኝ ነበር፤ ሳቀ። ይባስ ብሎ ከሥራ ጠረጴዛዬ በላይ «በቀን ሦስት ጨምር» የሚል ወረቀት ለጠፈብኝ፤ ዛሬም አለ።

ካርዱ በየካቲት መጣ። ከፊቱ ባሕርና ዘንባባ፣ ከጀርባው የእጅ ጽሕፈት። ሲላስ አነበበልን፤ «ቀኑም ሰዓቱም ትክክል ነው። ደወሉ፣ ዜናው፣ ዘፈኑ፣ ሁሉም ትክክል። ያሳላት ሴት እኔ ነኝ። ከኢትዮጵያ ሰው ሲሰማን የመጀመሪያው ነው።» የመጨረሻውን ሲላስ ሁለት ጊዜ አነበበልን። እኔማ ምን ልበላችሁ፣ ደረቴ ሱቁን ሞላው። አስር ዓመት ያጣናትን ደሴት ያገኛት የእኛ ሰፈር ጆሮ ነው፤ ያውም አንዱ ብቻ!

እትዬ ሙሉእመቤት መዝገባቸውን ሳቡት። እስክሪብቶ አወጡና በእርሳስ በጻፉት ላይ ቀስ እያሉ፣ አንድም ፊደል ሳያዛቡ ደገሙበት። ሲጨርሱ ወደ እኔ አዞሩትና ጠርዙን በጣታቸው ነኩ። «ደንቡን ታውቃለህ» አሉ። በ8፡40 ላይ መስመር አሰመርኩና ፈረምኩ።

ሁለት መቶ አስራ ስምንተኛው ካርድ ከበሩ ፊት ለፊት ነው የተሰቀለው። «ይሄንን ማን ሰማው?» የሚለኝ ደንበኛ ሲመጣ ሥራዬን አቆማለሁ። «እትዬ ሙሉእመቤት፣ በቀኝ ጆሯቸው» እለዋለሁ። በስንት ሰዓት ብሎ ለጠየቀኝ ደግሞ ሁለቱንም ሰዓት እነግረዋለሁ።