የአባቴ ሃያ ቀን

በባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ካሉት ዓሣ ቤቶች የጥብስ ሽታ መጣ። ጠዋት ንስሐ ገብቼ ጾም ስለታዘዝሁ አልገባሁም፤ ውሃው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ።

ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ሐሙስ እናቴ ለምሳ ዓሣ ጠብሳ አቀረበች። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ የብዙ ሰው ንስሐ አባት። ሳህናቸውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

"ዛሬ ምን ጾም አለና ነው የማይበሉት?" አለች እናቴ።

"ለአንድ ሰው አርባ ቀን ሰጥቻለሁ። አቅም የለውም፤ ሃያውን እኔ እጾምለታለሁ።"

"እሱ ላጠፋው እርስዎ?"

"ጌታችን የሁላችንን ተሸክሟል" አሉ፣ ከገበታው እየተነሱ። "እኔ የአንድ ሰው ግማሽ አያቅተኝም።"

ሰውየው ማን እንደሆነ አልነገሩንም። እኔ የገባኝ ድርሻቸው እንደሚተርፈኝ ብቻ ነበር። ሃያውን ቀን ደስ ብሎኝ በላሁላቸው።

ዛሬ ጠዋት ያናዘዙኝ ቄስ መጀመሪያ "አሥራ አራት ቀን" አሉኝ። ከዚያ ፊቴን ትንሽ አይተው፣ "አንቺ ሰባቱን ጹሚ" አሉ።

አመስግኜ ወጣሁ። የቀረውን ሰባት ማን እንደሚጾመው አልጠየቅሁም።