የሎሚዋ ሙሽሬ

እህቴ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ከተዳረች ብዙም ሳትቆይ ልብስ አጥባ ማስጣት እንኳ ያደክማት ጀመር። ሐኪሞቹ የልቧ በር በደንብ አይገጥምም አሉ። በልጅነታችን ጉሮሮዋን እየመላለሰ ሲያማት ማር በሎሚ እየላሰች ያለፈላት መስሎን ነበር፤ ለካ ወደ ልቧ ወርዶ ኖሯል። አዲስ አበባ ሄዳ ልቧ መከፈት አለበት ተባለና ተራ ተያዘላት። ተራሽ ሲደርስ ይደወልልሻል፣ እስከዚያ አትሩጪ፣ አትሸከሚ፣ አታርግዢ አሏት።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት አልቀጠልኩም፤ ቤት ነበርኩ። እናቴ «ሂጂና እጅ ሁኛት» ብላ ላከችኝ። በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወረድኩ። ደሴ ብርድ ነበር፤ ኮምቦልቻ ስደርስ ሹራቤን አወለቅሁ። እጅ እንድሆናት ብላክም እህቴ የፈለገችው እግር ነበር።

ደሴ ሳለን ጦሳ ተራራ ሥር ሣር ልናጭድ ስንወጣ ቢራቢሮ የምትከተለው እሷ ነበረች። እኔ ደግሞ እሷን እከተላለሁ። አሁን ግን ግቢያቸው ውስጥ ካለችው ሎሚ ሥር ፍራሽ ተነጥፎላት ተደግፋ ትውላለች። እኔ ከግቢው ጀርባ ወደ ቦርከና ወንዝ የሚወርደውን ሜዳ ዞሬ ያየሁትን እነግራታለሁ። የስልኬ ካሜራ ጭጋግ ነው የሚያሳየው፤ ቢራቢሮም ቁሚ ቢሏት አትቆምም። ስለዚህ ሁሉን በቃል ይዤ መመለስ ነበረብኝ።

«ምን አየሽ?»

«ቢራቢሮ።»

«እሱንማ እዚህ ተኝቼም አውቃለሁ። ምን ዓይነት?»

አማርኛችን አምፖል የምትዞረዋን የእሳት እራት ይላታል፤ ልብስ የምትበላዋን ብል ይላታል፤ በቀን የሚበሩትን ግን ሁሉንም ጠቅልሎ ቢራቢሮ ብሎ ይተዋቸዋል። እህቴ በዚህ አትረካም። ስለዚህ ስም ታወጣላቸው ነበር። አንዳንድ ሰሞን በብዛት ሆነው፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙረው የሚያልፉትን ነጫጮች ሐጂት አለቻቸው። ቡናማና ብርቱካናማ የተዥጎረጎረችውን፣ አማቷ ቤት ውስጥ ከምትለብሰው ቀሚስ ጋር ስለምትመሳሰል፣ ድሪያ አለቻት። ክንፏ ብርቱካናማ ሆኖ ጫፉ የጠቆረ፣ በጥቁሩ ላይ ነጭ ጠብታ ያላት ሌላ ነበረች። እሷ እንቁላሏን የምትጥለው ቅንቦ ላይ ነው። ቅንቦ ሲሰበር ነጭ ወተት የሚያፈስ፣ ፍየል እንኳ የማትነካው መርዛም ተክል ነው፤ የእሷ ልጆች ግን እሱን በልተው ያድጋሉ። ወፍም ስለማይበላት ቀስ ብላ ነው የምትበረው። ይህችን አይቸኩሌ አለቻት።

«እኔም አይቸኩሌ ነኝ» አለች አንድ ቀን። «ልዩነታችን እሷ ወዳ ነው።»

ተክሉንም እንዲሁ ትጠይቀኝ ነበር። ግንዱ ክብ ነው ወይስ አራት ማዕዘን? ሲሰበር ወተት አለው? ቅጠሉን ስታሺው ምን ይሸታል? ሳላሽ ከመጣሁ ትመልሰኛለች። ዳማከሴን ከሚመስሉት ሁሉ የምለየው በጠረኑ እንደሆነ የተማርኩት ከእሷ ነው።

እኔ ሰው ሲያየኝ ምላሴ ይታሰራል። ሜዳው ላይ ጎንበስ ብዬ ቅጠል ስገለብጥ አላፊ አግዳሚው «ምን ጠፋብሽ?» ይለኛል። የትል እንቁላል እያየሁ ነው ማለት ከበደኝና አንድ ቀን «የጆሮ ጌጤ» አልኩ። ሁለት ሴቶች እንስራ ሙሉ ውኃቸውን አስቀምጠው አብረውኝ መፈለግ ጀመሩ። ወርቅ ነው ወይስ ብር እያሉ ሣሩን በእጃቸው አበጠሩት። ከዚያ ወዲያ ባገኙኝ ቁጥር «ተገኘልሽ?» ይሉኝ ነበር። ይህን ለእህቴ ስነግራት በጣም ሳቀች፤ ቀጥሎ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትንፋሿን ጠበቀች። ሲያስቃት እንዲህ ነው የምትሆነው። ላስቃት እፈልጋለሁ፤ ስትስቅ ደግሞ እፈራለሁ።

ሎሚዋ ላይ ትል ወጣ። ትንሽ ሳለ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ቅጠል ላይ ተኝቶ ቢያዩት ማንም አይነካውም። ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል። ጀርባውን ሲነኩት ከአናቱ ቀይ ቀንድ አውጥቶ ክፉ ሽታ ይረጫል። የእህቴ አማት አመድ ይዛ መጣች።

«እማ፣ ተይልኝ» አለች እህቴ። «ምን እንደሚሆን ልየው።»

«ሎሚውን ሲጨርስ ታዪዋለሽ።»

«ቅጠሉ ይመለሳል።»

አማቷ አመዱን እንደያዘች ቆመች፣ ወደ እኔ ዞረች። «አጃኢብ! ሎሚዬን ለትል ዳርኩት በይኛ።» ይህን ብላ አመዱን ጎመኗ ላይ ደፋችው። ጥሩ ሴት ናት። እህቴ ሙሽራ ሆና ከገባች ብትከርምም በስሟ ጠርታት አታውቅም፤ ሙሽሪት ነበር የምትላት።

ትሉ አንድ ቀን መብላት አቆመ። ቅርንጫፍ ላይ ወጥቶ ወገቡን በቀጭን ክር አስሮ፣ ቆዳውን ገፍፎ ጥሎ፣ የደረቀ ቅጠል መሰለ። ትሉ ተሸፍኖ ክንፍ እስኪያወጣ የሚቆይበትን ይህን ጊዜ የሳይንስ መጽሐፋችን ሙሽሬ ይለው ነበር። ክፍል ውስጥ ቃሉ ሲነበብ ወንዶቹ ሁሉ ስቀው ነበር። እህቴ ክሩን አይታ «መቀነቷን አስራለች» አለች። ለእናቴም በስልክ ነገረቻት፤ ሎሚው ላይ ሙሽሬ አለችን፣ ጫጉላ ገብታለች፣ ስትወጣ እንነግርሻለን አለቻት።

ብዙ ጠበቅን። እህቴ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የምታየው እሷን ነበር። አንድ ቀን ግን ጎኗ ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ አየን። ጥቃቅን ተርብ መሳይ ነገሮች ከውስጧ በልተዋት ወጥተው ነበር። ስነካት ቅልል አለችኝ። እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ያን ዕለት እናቴ ደወለች። መስመሩ ይቆራረጣል።

«ሙሽሪትስ እንዴት ናት?» አለችኝ።

እናቴም አንዳንዴ እህቴን እንደ አማቷ እንዲህ ትላት ነበር። እኔ ግን ሐሳቤ ሁሉ ሎሚው ላይ ነበር።

«ሙሽሬዋማ አልተረፈችም እማ። ጠዋት ስናያት ደርቃለች» አልኳት።

ስልኩ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አይነሳም።

እህቴ በሳህን ፓፓያ ይዛ ሎሚዋ ሥር ተቀምጣ ሳለ የግቢው በር ተበርግዶ ተከፈተና እናቴ ከደሴ ጎረቤቶች ጋር እያለቀሰች ገባች። አንደኛዋ ጫማዋን ሳታደርግ ነበር የመጣችው። የእህቴ አማት ከጓዳ ወጥታ «ያ አላህ፣ ምን ሆናችሁ?» አለች። ከዚያ እናቴ እህቴን አየች። ቀጥ ብላ ቆመች።

«ማን ሞተ?» አለች እህቴ፣ ፓፓያው አፏ ውስጥ እንዳለ።

«አንቺ» አለች ጫማ ያላደረገችው ጎረቤት።

ነገሩ እስኪገባን ትንሽ ቆየ። ሲገባን እናቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አንድ ጊዜ ታለቅሳለች፣ አንድ ጊዜ ትስቃለች። አማቷ ሎሚው ላይ የቀረችውን ደረቅ ነገር ቀጥፋ እያዞረች ለየሴቱ አሳየች። «ይኸው የሞተችባችሁ። እስቲ ወላሂ በሉኝ፣ ለእኔስ እንዲህ ታለቅሳላችሁ?»

እህቴም እየሳቀች «ለቅሶዬን በዓይኔ አየሁት» አለች። «የቀረውም ሰው ማን እንደሆነ አውቄያለሁ። የአክስቴ ልጅ አልመጣችም።»

«አፍሽን ያዢ» አለች እናቴ።

እህቴ ግን ሳቁን ማቆም አልቻለችም። ሳሉ መጣ። ከንፈሯ ጠቆረ። ሁላችንም ቆመን ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅን። ሲመለስላት አማቷ ጀርባዋን እያሻሸች «አብሽሪ፣ አብሽሪ የኔ ልጅ» ትላት ነበር። ጎረቤቶቹ ያን ዕለት ምሳ በልተው ሲሄዱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የተሰናበቱን።

ክረምቱ ገባ። እግሯ ያብጥ ጀመር። ባሏ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና መኪና ላይ ነው የሚሠራው፤ በመኪናው ጩኸት ስልክ ስለማይሰማ ስልኩን ቤት ለእናቱ ትቶ ይሄድ ነበር። ሐኪሞቹ የያዙት የእሱን ቁጥር ነው። አማቷ ስልኩን በድሪያዋ ኪስ ይዛ ትሰግዳለች፣ ይዛ ታበስላለች። ሲጮህ ሁላችንም እንነሳለን። የካርድ ማስታወቂያ ይሆናል፤ ወይ አንድ ዘመድ ይሆናል። እህቴ መጠየቅ ተወች። የምትጠይቀኝ ሜዳውን ብቻ ነበር።

አንድ ጠዋት ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ፀሐይ ወጣች። «ዛሬ ይወጣሉ፣ ሂጂ» አለችኝ። ድምፅዋ ደክሞ ነበር። ልቅር አልኩ። «ሂጂ፣ እዚህ ሆነሽ የእኔን ትንፋሽ ስትቆጥሪ ያስጨንቀኛል» አለች።

ሄድኩ። ከቦርከና ዳር አጋም ቁጥቋጦ ላይ አይቼ የማላውቃት ትንሽ ቢራቢሮ አገኘሁ። ክንፏን ስትገጥም አመድ ትመስላለች፤ ስትከፍተው ሰማይ ነው። ከኋላዋ ቀጫጭን ጭራ አላት፤ ጭራዋ ሥር ዓይን የሚመስል ጥቁር ነጥብ አለ። ክንፏን እያፋተገች ስታነቃንቀው ኋላዋ ፊት ይመስላል፤ ራሷ በየት በኩል እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ቆምኩ። ለካ ወፍ ሊነክሳት ሲመጣ ጭራዋን ይዞ እንዲቀር ነው። እህቴ ይህን ስትሰማ ምን ስም ታወጣላት ይሆን እያልኩ፣ የቀለሟን ነገር እንዳልረሳ ለራሴ እየደገምኩ ተመለስኩ።

የግቢው በር ክፍት ነበር። ፍራሹ ሎሚዋ ሥር እንደተነጠፈ ነው፤ እሷ ግን የለችም። ጎረቤት «አሟት በባጃጅ ወሰዷት» አለችኝ። እየሮጥኩ አስፋልቱ ጋ ስደርስ ባጃጁ ተመልሶ ሲመጣ አየሁት። ሆስፒታል አልደረሱም ነበር። አማቷ እህቴን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ የራሷን ሻሽ ፈትታ ፊቷን ሸፍናታለች።

ለእናቴ መደወል ለእኔ ደረሰ። ባሏ አልቻለም።

«እማ» አልኳት። «ሙሽሪት...»

ቀስ ብላ «ትሏ ናት አይደል?» አለችኝ።

«አይደለችም እማ።»

«ትሏ ናት በይኝ።»

የዚያን ዕለት ሐረጎን እንዴት እንደወረደች አላውቅም።

ወደ መቃብር የሚሄዱት ወንዶች ናቸው፤ እኛ ሴቶች ከግቢ አንወጣም። ስለዚህ የት እንዳስቀመጧት አላየሁም። ሰደቃው አልፎም እዚያው ቆየሁ። አማቷ ቤቱ ጭር እንዳይል ብላ ያዘችኝ። የእህቴ ባል ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሲወጣ መቃብሯን ዘይሮ ይመጣል። መጥቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል። እኔም ከወንድ ጋር ማውራት ስለማይሆንልኝ ዝም እላለሁ። አንድ ዓርብ ግን ጠየቅሁት።

«አያ፣ ምን በቅሏል እዚያ?»

«ሣር ነው» አለ። «አንድ ቅጠልም አለ።»

«ምን ዓይነት ቅጠል?»

ግራ ገብቶት አየኝ። «ቅጠል ነዋ። አረንጓዴ።»

«ግንዱ ክብ ነው ወይስ አራት ማዕዘን?»

አላስተዋለም። በሚቀጥለው ዓርብ ጫማውን ሳያወልቅ በር ላይ ቆሞ «አራት ማዕዘን ነው። በጣቴ ነካሁት» አለኝ። ከሞተች ወዲህ ድምፁ እንደዚያ ነቃ ብሎ አልሰማሁትም ነበር።

«ቅጠሉስ ምን ይሸታል?»

«መሽተት አለበት እንዴ?»

«አንዷን ቅጠል ቀጥፈህ እሻት። ከሸተተችህ ምን እንደሆነ እነግርሃለሁ።»

በቀጣዩ ዓርብ ሲመጣ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። እናቱ ውኃ ሰጠችው። ጠጥቶ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«እጄን ሰደድኩ» አለ። «ከእሷ ላይ ነው የበቀለው። እንዴት አድርጌ እቀጥፈዋለሁ?»

«ደግ አደረግህ» አለች እናቱ። «መቃብር ላይ የበቀለ ለምለም ዚክር ያደርጋል፣ ለሞተው አላህን ያወሳለታል። አይቀጠፍም።»

ሁለቱም ወደ እኔ አዩ፣ እንደማላዝንባቸው ለማወቅ መሰለኝ። ይሁን አልኩ። አራት ማዕዘን ግንድ ያላቸው ብዙ ናቸው፤ ዳማከሴ ሊሆን ይችላል፣ ጥንጁት ሊሆን ይችላል፣ እኔ የማላውቀውም ሊሆን ይችላል። ሳያሹት አይለይም።

አሁን ደሴ ነኝ። ባሏ አንዳንድ ዓርብ ይደውልልኛል። ያ ቅጠል በዚህ ክረምት አድጎ ጉልበቱ ጋ ደርሷል አለኝ። ከመቃብሩ ዙሪያ ያለውን ሣር ብቻ እያረመ እሱን ትቶታል። ስሙን ግን አላወቅንም።